የሰለቸው የካልጋሪ መራጭ ስለ ኦታዋ ፖለቲካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው በካናዳ ምዕራብ፣ አልበርታ ግዛት፣ ካልጋሪ ከተማ ነው። እነዚህ ስለ አገሪቱ ዋና ከተማ ስለ ኦታዋ ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ምሬቱ በእኔ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን የምንመርጠው እኛ ነን?

አይደለንም። የምንመርጠው ሰፈራችንን የሚወክል አንድ የፓርላማ አባል ነው። ወንበሩ በጠቅላላው 343 ነው። ብዙ ወንበር የሰበሰበው ፓርቲ መሪ አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። ማርክ ካርኒ ማርች 14፣ 2025 ቃለ መሐላ ሲፈጽም የፓርላማ አባል እንኳ አልነበረም። ሕጉ ይፈቅዳል።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። የካናዳ ምዕራብ "ኦታዋ ሰሚ የለንም" እያለ ያለቅሳል። በ2025ቱ ምርጫ ግን የሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች መሪዎች አልበርታ ያደጉ ነበሩ። የኮንሰርቫቲቩ ፒየር ፖሊየቭ የካልጋሪ ልጅ ነው። የሊበራሉ ካርኒ ፎርት ስሚዝ ተወልዶ ኤድመንተን ነው ያደገው። የተወዳደሩት ግን ሁለቱም ኦታዋ ነው፤ ያውም ድንበር በሚጋሩ የምርጫ ክልሎች። አሳድገን ዳርናቸው፣ የሚስት አገር ቀሩ።

ድምፅ ለመስጠት ምን ያስፈልጋል?

18 ዓመት እና ዜግነት። በፒአር (በቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) መምረጥ አይቻልም፤ ግብር መክፈል ግን ይቻላል። በምርጫው ቀን ሠራተኛ 3 ተከታታይ ሰዓት ለምርጫ የማግኘት መብት አለው። ይህን ሳላውቅ ዓመታት አለፉ፤ አለቃዬም ሊነግረኝ አልቸኮለም።

ቦታው ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ጂም ነው። አንዱ ስማችሁን በማስመሪያ እየተከተለ ከወረቀት ላይ ይፈልጋል፤ የእኛን ስም ሲያገኝ ደግሞ ለመጥራት አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ከዚያ ከካርቶን መከለያ ጀርባ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነው። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመርጥ እርሳሱን አይታ "ሊያጠፉት ነዋ!" አለች፤ ጮክ ብላ። የራስን እስክሪብቶ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ከእርሳሱ በላይ ያስቸገረን ሰዓቱ ነበር። "7፡30 ይዘጋል" ብዬ ነግሬያት በሐበሻ ሰዓት ቆጠረችው። ምሳ ሰዓት ላይ የሚዘጋ መስሏት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

እዚህ ሳይቆጠር እዚያ ምርጫው ያልቃል የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ምርጫው ሲዘጋ እኛ ጋ ገና ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ነው (በእነሱ ሰዓት፣ እማዬ!)። ከሥራ ስወጣ፣ ገና ሳልመርጥ፣ ስልኬ ላይ የምሥራቁ ጠርዝ ውጤት ይንጠባጠባል። ቀሪው ግን ተስተካክሏል፤ ኦንታሪዮና ኩቤክ የሚዘጉት ከእኛ ጋር በአንድ ቅጽበት ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ሳይሆን ድምሩ ነው። ኦንታሪዮ 122 ወንበር አላት። ኩቤክ 78። ሁለቱ ሲደመሩ 200። አብላጫ ለመያዝ 172 ይበቃል። አራቱ የምዕራብ ግዛቶች፣ ማለትም ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ አልበርታ፣ ሳስካችዋንና ማኒቶባ፣ ተደምረው 108 ናቸው። እኛ ከአልበርታ 37ቱን ሁሉ ለአንድ ፓርቲ ብንሰጥ እንኳ የቶሮንቶ ዙሪያ ሰው በዚያ ቀን ደስ ካለው አለቀ። ሰው የሚበዛበት ቦታ ወንበር ይበዛዋል፤ ይህ ግፍ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ሒሳብ ደግሞ ትምህርት ቤት እያለሁም አልወደውም ነበር።

እጩዎች የሚታዩት ለምን በምርጫ ሰሞን ብቻ ነው?

በ2025 ምርጫው ኤፕሪል 28 ነበር፤ ፋሲካ ደግሞ ኤፕሪል 20። በመሃል ባለው ቅዳሜ አዳራሻችን ውስጥ የፋሲካ ዝግጅት ነበረን። አንድ እጩ ከነረዳቶቹ ከተፍ አለ። የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ አልናገርም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጃኬት ነው የሚለብሱት። ዶሮ ወጡን ቀምሶ ላብ ላብ አለው፤ "ደስ የሚል ነው" እያለ ውሃ ፈለገ። ከዚያ ቡና የምታፈላዋ እህታችን አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ፎቶ ተነሣ።

አንድ ትልቅ ሰው፣ ጋሼ እንበላቸው፣ ተነሥተው በአማርኛ "ልጄ፣ ከምርጫው በኋላ ስንደውልልህ ስልኩን ታነሳለህ?" አሉት። እጩው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "አመሰግናለሁ" አለ። ያጠናት ቃል እሷ ብቻ ነበረች። እስካሁን ከፖለቲከኛ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ቀጥተኛው ይህ ነው።

ምዕራቡ ሊበራሎችን ለምን እንዲህ ጠመደ?

ነገሩ የሚጀምረው ብዙዎቻችን ይህን አገር በካርታ እንኳ ሳናውቀው፣ በ1980 ነው። የፒየር ትሩዶ መንግሥት በዚያ ዓመት ያሸነፈው ከኦንታሪዮ በስተ ምዕራብ 2 ወንበር ብቻ ይዞ ነው። ሁለቱም ማኒቶባ ውስጥ። ከአልበርታ ዜሮ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ብሔራዊ የኢነርጂ ፕሮግራም የሚባለውን አወጣ። የአገር ውስጥ የነዳጅ ዋጋ ከዓለም ዋጋ በታች ተያዘ፤ የፌዴራሉ ድርሻ ከፍ አለ። ለምሥራቁ ሸማች ርካሽ ቤንዚን፣ ለአልበርታ ደግሞ ከኪሷ የወጣ ገንዘብ ማለት ነው።

ከዚያ ድርጅቶች ተዘጉ፣ ሰው ቤቱን ለባንክ አስረከበ። ሐቁን ለመናገር ያን ጊዜ የብድር ወለዱም ጣሪያ ነክቶ ነበር፤ በኋላም የዓለም የነዳጅ ዋጋ ራሱ ወደቀ። ግን ቤቱን ላጣ ሰው የዓለም ገበያን ማስረዳት አይቻልም። "ምሥራቆቹ በጨለማ በብርድ ይድረቁ" የሚል ስቲከር መኪናው ላይ የለጠፈ ብዙ ነበር፤ ስድቡን አለስልሼዋለሁ። ፕሮግራሙ በ1985 ቀርቷል። ቂሙ አልቀረም፤ ከአባት ለልጅ እንደ መሬት ይወረሳል። የትሩዶ ልጅ ጀስቲን በ2015 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ በረዶ መዛቂያውን አቁሞ "ደግሞ መጣ" አለኝ። አባቱን ማለቱ ነበር።

ኮንሰርቫቲቮች ሲያሸንፉስ ይሻለናል?

ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም። በ1986 የኮንሰርቫቲቩ ብራያን መልሩኒ መንግሥት የኤፍ 18 ተዋጊ አውሮፕላኖችን ጥገና ለጨረታ አቀረበ። የተሻለውን ዋጋም የተሻለውን የቴክኒክ ሥራም ያቀረበው የዊኒፔግ ድርጅት ነበር። ሥራው ለሞንትሪያል ተሰጠ። ያውም ምዕራቡ ሆ ብሎ በመረጠው መንግሥት።

ከዚያ ከካልጋሪ የመጣው ስቲቨን ሃርፐር ከ2006 እስከ 2015 ገዛ። የእኛ ሰው፣ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ! ምዕራቡ ይቀየር የሚለው ሴኔት፣ ተሿሚዎች የሚቀመጡበት ምክር ቤት፣ እንዳለ ነው። ኢኳላይዜሽን የሚባለው የግዛቶች ድጎማም እንዳለ ነው፤ ሁለቱንም ከታች እመጣባቸዋለሁ። ወደ ምዕራብ ጠረፍ የሚሄድ አዲስ የነዳጅ ቧንቧም መሬት አልገባም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋትም እንናገር። በ2025 ከአልበርታ 37 ወንበር 34ቱን ለኮንሰርቫቲቭ ሰጠን። በእርግጥ ከ4 መራጭ ከአንድ በላይ ለሊበራል ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ ያገኙት 2 ወንበር ነው፤ የምርጫው ሥርዓት እንደዚያ ነው። ጀስቲን ትሩዶ በ2015 ይህን ሥርዓት እቀይራለሁ ብሎ ቃል ገብቶ በ2017 ተወው። እኛ ግን ከሥርዓቱም ብሰናል። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ በሚታወቅበት ቤት አሸናፊው አይለፋም፤ ተሸናፊው ደግሞ አይመጣም። ፖሊየቭ የኦታዋ ወንበሩን ሲሸነፍ የት ሄደ? አልበርታ። ባትል ሪቨር ክሮውፉት የሚባለውን ወንበር ያሸነፈው አባል ለቀቀለት፤ ኦገስት 2025 ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ለተቃውሞ ብለው የተመዘገቡ ሰዎች ተጨምረው እጩው 214 ደረሰ። ወረቀቱ ስለማይበቃ መራጩ የሚፈልገውን ሰው ስም በእጁ እንዲጽፍ ተደረገ። ፖሊየቭ በሰፊው አሸነፈ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

እንደ ኩቤክ የራሳችን ፓርቲ ቢኖረንስ?

ነበረን። ሪፎርም ይባላል፤ በ1987 ተመሠረተ፤ መሪው ፕሬስተን ማኒንግ ነበር። መፈክሩ "ምዕራቡ መግባት ይፈልጋል" የሚል ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ እንደሚያንኳኳ እንግዳ። በ1993 52 ወንበር አገኘ። ያን ጊዜ ሲገዛ የነበረው የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ 2 ወንበር ብቻ ቀረው። ግን በዚያው ምርጫ የኩቤክ መገንጠልን የሚፈልገው ብሎክ ኩቤኳ 54 አገኘና ዋናው ተቃዋሚ ሆነ። የካናዳ ዘውድ ያን ጊዜ የንግሥት ኤልሳቤጥ ስለነበር ኦፊሴላዊ ስሙ "የግርማዊትነታቸው ታማኝ ተቃዋሚ" ነበር። አገሪቱን ለቅቄ እወጣለሁ የሚል ፓርቲ ለንግሥቲቱ ታማኝ ተብሎ ደመወዝ በላ። ይህን ለአገር ቤት ዘመድ በስልክ ለማስረዳት ሞክሬ ካርዴ አልቋል።

ሪፎርም ስሙን ቀይሮ ቆይቶ በ2003 ከድሮዎቹ ኮንሰርቫቲቮች ጋር ተዋሐደ። መግባት ይፈልግ ነበር፤ ገባ። ከገባ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

ኢኳላይዜሽን ምንድነው? እውነት አልበርታ ለኩቤክ ቼክ ትጽፋለች?

ቼክ የሚጽፍ ግዛት የለም። ገንዘቡ የሚወጣው ከፌዴራሉ ካዝና ነው፤ ካዝናው ደግሞ የሚሞላው ሁላችንም ከምንከፍለው የፌዴራል ግብር ነው። ካልጋሪ ያለ ነርስና ሃሊፋክስ ያለ ነርስ ደመወዛቸው እኩል ከሆነ የሚከፍሉት የፌዴራል ገቢ ግብርም እኩል ነው። አልበርታ ብዙ የምታዋጣው ደመወዝ ስለሚበዛ ነው። ከካዝናው ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ግዛቶች ድጎማ ይሰጣል፤ ለ2025–26 ወደ 26 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ከግማሽ በላዩን ኩቤክ ትወስዳለች። አልበርታ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አንድ ሳንቲም አላገኘችም።

የካልጋሪ ሰው ነገሩን እንደ እቁብ ነው የሚያየው፤ ሁሌ እየጣለ ዕጣው የማይወጣለት እቁብ። ሕገ መንግሥቱ ግን የሚያየው እንደ ዕድር ነው። የዕድር ገንዘብ ስላልደረሰኝ ተበደልኩ የሚል ሰው የለም፤ እንዳይደርሰው ነው የሚጸልየው። እኔም ይህን አውቃለሁ። ሆኖም በየዓመቱ ዕድሩን የሚበላው ቤት አንድ ከሆነ፣ እሱም ቤት ደግሞ "የእናንተ ነዳጅ ይሸተኛል፣ ቧንቧው በደጄ አይለፍ" ካለ፣ የዕድሩ ጸሐፊ ላይ መጮህ ያምራል።

በ2021 ሬፈረንደም አደረግን። ወደ 62 በመቶ የሚሆነው ሰው "ከሕገ መንግሥቱ ይውጣ" አለ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። አንድ ግዛት ብቻውን ሕገ መንግሥት አይቀይርም። ሬፈረንደሙን ያስጠራው ጄሰን ኬኒ ራሱ የሃርፐር ካቢኔ ሚኒስትር ነበር።

ሴኔቱ ምን ይሠራል?

ሕግ ደግሞ ያያል፤ ምሳም ይበላል። 105 ወንበር ነው፤ ሁሉም ተሿሚ ናቸው፤ እስከ 75 ዓመታቸው ይቀመጣሉ። ለመሾም 4,000 ዶላር የሚያወጣ መሬት ሊኖር ይገባል፤ ሕጉ የወጣው በ1867 ስለሆነ ነው። 5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አልበርታ 6 ሴናተር አላት። አንድ ሚሊዮን ሰው የማይሞላት ኒው ብረንዝዊክ 10።

አልበርታ "እኛ እንመርጣለን፣ እናንተ ሹሙልን" ብላ ከ1989 ጀምሮ የሴናተር ምርጫ ታካሂዳለች። በ2021 3 ሰዎች መረጥን። ጀስቲን ትሩዶ አንዳቸውንም አልሾመም፤ ሌሎችን ሾመ። ላም አለኝ በሰማይ።

የካርቦን ታክሱ ጉዳይስ ምን ሆነ?

የምዕራቡን ሰው ሆድ ያሳረረው በነዳጅ ላይ የተጣለው ይህ ታክስ ብቻ አይደለም። ኦክቶበር 2023 ላይ መንግሥት ቤት በሚያሞቅ ዘይት ላይ ታክሱን ለ3 ዓመት አነሳ። ቤቱን በዘይት የሚያሞቀው በብዛት የምሥራቁ ጠረፍ ሰው ነው። እኛ የምንሞቀው በጋዝ ነው፤ ጋዙ ላይ ታክሱ እንዳለ ቀጠለ። ለምን ተብላ በቴሌቪዥን የተጠየቀች አንዲት ሚኒስትር፣ የሜዳማዎቹ ግዛቶች ሰዎች ብዙ ሊበራል ቢመርጡ ኖሮ እኛም እናነጋግራቸው ነበር ዓይነት መልስ ሰጠች። ሰው ሐሜት ይመስለዋል። በአደባባይ ነው የተባለው።

የዚያን ክረምት ቤዝመንት ወርጄ የፈርነሱን ማጣሪያ እየቀየርኩ፣ ውጭ ከዜሮ በታች 30 ሆኖ፣ ያ ብረት ሲንገራገር ሰማሁት። በምን እንደሚሠራ እንጂ ማንን እንደመረጥኩ አይጠይቅም።

ታክሱን በመጨረሻ ለሸማቹ ያስቀረው ማነው? "ታክሱን እቆርጣለሁ" እያለ ስንት ዓመት የጮኸው ፖሊየቭ አይደለም። ሊበራሉ ካርኒ ነው፤ በገባበት ቀን ፈረመ፣ ከኤፕሪል 1፣ 2025 ጀምሮ ቀረ። ታክሱ በመቅረቱ የጨፈረው ዘመዴ በሐምሌ ደውሎ "ያ በየሦስት ወሩ የሚገባው የታክሱ ተመላሽ ብር ምነው ቀረ?" አለኝ።

ቧንቧውስ?

ትራንስ ማውንቴን፣ ከአልበርታ ወደ ምዕራብ ጠረፍ የሚሄደው የነዳጅ ቧንቧ፣ ተሠርቷል። በ2018 የፌዴራሉ መንግሥት በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ማስፋፊያው ወደ 34 ቢሊዮን ፈጅቶ ሜይ 2024 ሥራ ጀመረ። የገዛው አልበርታ የምትጠላው ጀስቲን ትሩዶ ነው። ማንም አላመሰገነውም፤ እኔም ጭምር።

ኖቬምበር 27፣ 2025 ደግሞ ካርኒና የአልበርታዋ ፕሪሚየር (የግዛቷ መንግሥት መሪ) ዳንየል ስሚዝ ካልጋሪ ውስጥ ስለ ሌላ አዲስ ቧንቧ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። በዚያው ቀን አንድ ሚኒስትር ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ። የመግባቢያ ሰነድ ማለት ሽምግልና እንደመላክ ነው፤ ሠርጉ ገና ነው፣ ሙሽራዋም ባሕር ዳር ያለችው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ናት።

ፓርላማ ውስጥ የሚጮሁት ለምንድነው?

ለጥያቄ 35 ሰከንድ፣ ለመልስ 35 ሰከንድ ነው የሚሰጠው፤ ጠቅላላው በቀን 45 ደቂቃ። በ35 ሰከንድ ቡና እንኳ አይቆላም።

ሐቀኛ ፓርቲ የለም?

አንድ አለ። የአውራሪስ ፓርቲ ይባላል፤ ከ1963 ጀምሮ ሲጠፋ ሲመለስ ቆይቷል። ዋና ቃል ኪዳኑ "ከገባነው ቃል አንዱንም አንፈጽምም" የሚል ነው። የመሬት ስበትን ሕግ እንሽራለን ብለውም ያውቃሉ። ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ስበቱ እንዳለ ነው።

ታዲያ ለምን አንገነጠልም?

ቀልዱ እዚህ ይቀንስብኛል፤ መገንጠል የሚባለውን ቃል በቀልድ የማንሰማ ሰዎች ነን። ጥያቄው ግን በየቡናው ይነሣል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 ኩቤክን በሚመለከት የወሰነው አለ፦ ግልጽ ጥያቄ፣ ግልጽ አብላጫ፣ ከዚያ ድርድር። በራስ ፈቃድ ብቻ ብድግ ብሎ መውጣት የለም። የአልበርታ መሬት ደግሞ ስምምነት 6፣ 7 እና 8 በሚባሉት የነባር ሕዝቦች ውሎች ላይ ያረፈ ነው፤ እነሱን ሳይጠይቅ የሚያከፋፍል ሰው ከመጀመሪያው ተሳስቷል።

ከሁሉ በላይ ግን ካርታውን ዘርግቶ ማየት ነው። ዋናው ብሶታችን ነዳጃችን ባሕር አይደርስም የሚል ነው። ብንወጣ በሦስት ጎን ካናዳ፣ በአንድ ጎን አሜሪካ። ወደብ ስለሌለው አገር ሐበሻን የሚያስተምር የካልጋሪ ገንጣይ ገና አላገኘሁም። በ2025 "ካናዳ ውስጥ እንቆይ" ለሚለው ፊርማ ከ400,000 በላይ ሰው ፈርሟል፤ ኩርፊያና ፍቺ ለየቅል መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ይበዛል ማለት ነው።

አንተ ራስህ ማንን መረጥክ?

ምስጢር ነው። ይህን ብቻ ልንገራችሁ። እኔና ባለቤቴ የምንመርጠው የተለያየ ፓርቲ ነው፤ ድምፃችን ይጣፋል። ባለፈው ጊዜ ዝናብና በረዶ የተቀላቀለበት ምሽት ስለነበር "ለምን ሁለታችንም ቤት አንቀመጥም? ያው ነው" አልኳት። ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ። "እኔ ሻወር ስገባ ተደብቀህ እንደምትሄድ አጣሁት?" አለች። በአንድ መኪና ሄድን። ስንመለስ ሬዲዮው ኩቤክን እየቆጠረ ነበር።